ለፕሮግራማችን ያቆምንለት ኬላ

እኛ ሦስት ነን። ሦስታችንም መቱ ተወልደን መቱ ያደግን፣ የሶርን ፏፏቴ በትምህርት ቤት ጉዞ ያየን፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምረን አዲስ አበባ ላይ ሥራ ስንፈልግ የከረምን፣ በመጨረሻም የቤት ኪራይ አሸንፎን ወደ ቤታችን የተመለስን ነን። (ቤተሰቦቻችን ለጎረቤት "ለእረፍት መጥተው ነው" ይሉ ነበር። እረፍቱ ዓመት ሊሞላው ነው ብሎ የሚያስታውሳቸው ጎረቤት ግን አልጠፋም።) የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ኮምፒውተር ነው። ስለ ቡናም ነው። ከሁሉም በላይ ግን ስለ አንድ ያፈርንበት ቀን ነው።

ነገሩ የጀመረው በመስከረም 2011 ዓ.ም. ነው። የአንዳችን አጎት ቡና ሰብሳቢ ናቸው። ሦስታችንም "ጋሼ" ነው የምንላቸው። ቡና ሰብሳቢ ደግሞ ያለ ደብተር አይኖርም። ማን ስንት ኪሎ እሸት እንዳመጣ፣ ማን በክረምት ቅድሚያ ብር እንደወሰደ፣ ማን ስንት እንደቀረበት፣ ሁሉም እዚያ ደብተር ላይ አለ። ደብተሩ በዝናብ ይበሰብሳል፣ ሻይ ይፈስበታል፣ አንዳንዴም ልጆች ሥዕል ይስሉበታል። እኛም ሥራ ፈት ምሩቃን ነንና "ጋሼ፣ ይህንን በኮምፒውተር እናድርግልዎት" አልን። እሳቸውም እኛን ከማዘን ይመስለናል፣ እሺ አሉ።

አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ከሱቁ ጓዳ አስቀመጥን። ላዩ ላይ ኡቡንቱ 16.04 ጫንን። አንድ ወዳጃችን በፍላሽ የሰጠን የመጀመሪያው እትም ነበር፤ ማሻሻያዎቹን ግን "ብር ይበላል" ብለን አላወረድንም። ከዚያ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍን። የጋሼ ልጆች በየገጠሩ ገበያ ቡና ሲረከቡ ደረሰኙን በስልካቸው ፎቶ ያነሳሉ፣ ይልካሉ፤ ፕሮግራማችን ይቀበላል፣ ፎቶውን ያሳንሳል፣ ከሰውየው ስም ጋር ያስቀምጣል። መስመሩ እንዲገባ ሞደሙ ላይ አንዲት በር ከፈትን። ሠራ! ያን ቀን ምሽት የተሰማንን ኩራት አሁን ስናስበው ትንሽ ያሳቅቀናል።

ታኅሣሥ ላይ፣ ቡናው በደንብ እየገባ ሳለ፣ ኮምፒውተሩ ማጉረምረም ጀመረ። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል። ጋሼ "ይኼ ነገር ምን ሆኖ ነው?" አሉን። "ሙቀት ነው" አልን። ሌሊትም ጮኸ። "አቧራ ነው" አልን፤ ጠረግነው። በሦስተኛው ቀን አንዳችን ምን እየሠራ እንደሆነ ቢያይ፣ የማናውቀው ፕሮግራም የማሽኑን አቅም በሙሉ ይዞ ለማናውቀው ሰው ዲጂታል ገንዘብ ይቆፍራል። በእኛ ጓዳ፣ በጋሼ መብራት!

እንዴት ገባ? መልሱን ለማግኘት ሁለት ሌሊት ፈጀብን። ፎቶ ለማሳነስ የተጠቀምንበት ኢሜጅማጂክ የሚባል የታወቀ የፕሮግራም ቤተ መጻሕፍት ነው። በዚህ ሶፍትዌር ላይ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 አንድ ትልቅ ቀዳዳ ይፋ ሆኖ ነበር፤ "ኢሜጅትራጂክ" ብለው ስም እስከማውጣት ደርሰዋል። ፎቶ የሚመስል ግን በውስጡ ትእዛዝ የተጻፈበት ፋይል ሲደርሰው፣ ሶፍትዌሩ ትእዛዙን እንዳለ ለኮምፒውተሩ አሳልፎ ይሰጠዋል። መድኃኒቱ ወዲያው ወጥቷል፤ እኛ ግን ብር ቆጥበን አላወረድነውም። ኢንተርኔትን ቀን ከሌት እየዞረ እያንዳንዱን በር የሚያንኳኳ አውቶማቲክ ፕሮግራም የኛን በር አንኳኳ፣ "ፎቶ" ላከ፣ ገባ። መቱ ትሁን ኒውዮርክ ለሱ ጉዳዩ አይደለም። "እኛን ማን ያውቀናል?" የሚለው መጽናኛ እዚያ ጋ አበቃ።

ከዚህ የባሰው ደግሞ አለ። ፕሮግራማችንን የምናስኬደው በአስተዳዳሪ ሥልጣን ነበር፤ እንዲያ ስለሚቀል። ስለዚህ የገባው እንግዳ ደብተሩንም መክፈት ይችል ነበር። ይክፈተው አይክፈተው የሚነግረን ምልክት አላገኘንም።

ለጋሼ መንገር ነበረብን። ነገርናቸው። ዝም ብለው ሰሙንና እንዲህ ጠየቁን።

"ቆይ እስቲ፤ ይኼ ፎቶ የሚያሳንሰው ነገራችሁ ሥራው ፎቶ ማሳነስ ነው አይደል?"

"አዎ ጋሼ።"

"ታዲያ ሌላ ሰው ጠርቶ ቤት እንዲያስገባ ማን ፈቀደለት?"

"ማንም አልፈቀደለትም ጋሼ። ማንም ስላልከለከለው ነው።"

"እሱማ ያው ነው" አሉ።

አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠን ያልጠየቅነውን ጥያቄ ቡና ሰብሳቢው ጠየቁን። ከዚያ ሌላ ነገር ጨመሩ። "ደብተሩ የኔ ነው፤ በውስጡ ያለው ስም ግን የሰዎቹ ነው። ሄዳችሁ ንገሯቸው።"

ሄድን። በገበያ ቀን፣ ጋሼ ሚዛን ከሚያስቀምጡበት ቦታ አጠገብ ቆመን፣ ለሚመጣው ሁሉ "ስማችሁና ዕዳችሁ የተጻፈበትን ነገር የማናውቀው ሰው አይቶት ሊሆን ይችላል" እያልን ተናገርን። ብዙዎቹ ሳቁብን። "ዕዳዬን የሚያይ ይክፈልልኝ" ያሉም ነበሩ። አንዲት እናት ግን አልሳቁም። ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "የልጄንም ሕመም ጽፋችኋል?" አሉን።

ጽፈን ነበር። ቅድሚያ ብር የተወሰደበትን "ምክንያት" የምትል አንዲት ዓምድ አዘጋጅተን ነበር። ለምን? ባዶ ቦታ ስላለ! ጋሼ በቃል የሚያውቁትንና ደብተራቸው ላይ ጽፈውት የማያውቁትን ነገር እኛ ጠይቀን ጻፍነው። ምን ብለን እንደመለስንላቸው አናስታውስም። መልስ ባንሰጥ ይሻል ነበር።

ክረምቱን ሙሉ የጋሼን ጥያቄ ይዘን ተቀመጥን። አንድን ፕሮግራም ከሥራው ውጭ ያለውን ነገር እንዳይሠራ እንዴት ይከለክሉታል?

ነገሩን በኬላ ብናስረዳ ይሻላል። የኢሉባቦር ሰው ኬላን ያውቃል። ድሮ የዚህ አገር ቡና በበቅሎ ተጭኖ ከጎሬ ወደ ጋምቤላ ይወርድ፣ ከዚያም በባሮ ላይ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር። በዚያ ዘመን የኬላው ሹም ነጋድራስ ይባላል። ነጋዴው የፈለገውን ያህል ብልህ ቢሆን፣ የፈለገውን ያህል በቅሎ ቢኖረው፣ ነጋድራሱን ሳያነጋግር አያልፍም።

በኮምፒውተር ውስጥም እንዲሁ ነው። ፕሮግራም ለብቻው ማድረግ የሚችለው ማሰብ፣ ማለትም መደመርና መቀነስ ብቻ ነው። ፋይል ለመክፈት፣ በኔትወርክ ለመላክ፣ ሌላ ፕሮግራም ለማስነሳት ከርነሉን መለመን አለበት። ከርነሉ ነጋድራሳችን ነው። ልመናው ሲስተም ኮል ይባላል፤ የሥርዓት ጥሪ ልንለው እንችላለን። ሊኑክስ ላይ ከ300 በላይ ዓይነት ጥሪዎች አሉ፤ እያንዳንዱም ቁጥር አለው። በተለመደው ባለ 64 ቢት ማሽን ላይ "ላንብብ" 0 ነው፣ "ልጻፍ" 1፣ "ፋይል ክፈትልኝ" 2፣ "የኔትወርክ መስመር ስጠኝ" 41፣ "ሌላ ፕሮግራም አስነሳልኝ" ደግሞ 59። እኛን ያዋረደን ያ 59 ቁጥር ነበር። ፎቶ ለማሳነስ 59 ለምን ያስፈልጋል? አያስፈልግም። ነጋድራሱ ግን እንዲከለክለው የነገረው ሰው የለም።

የሚነገርበት መንገድ ሴክኮምፕ ይባላል። ወደ ሊኑክስ የገባው እ.ኤ.አ. በ2005፣ በ2.6.12 እትም ነው። የመጀመሪያ ሐሳቡ ሰዎች ትርፍ የኮምፒውተር አቅማቸውን ለማያውቁት ሰው እንዲያከራዩ ማስቻል ነበር፤ የተከራየው ፕሮግራም አራት ነገር ብቻ ይፈቀድለታል፦ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ከምልክት መመለስና መውጣት። ከዚያ ካለፈ ወዲያው ይገደላል። በጣም ጥብቅ ስለሆነ ብዙ ሰው አልተጠቀመበትም። እ.ኤ.አ. በ2012 ግን በ3.5 እትም የጎግል ባለሙያ የሆነው ዊል ድሩሪ የሠራው ማጣሪያ ተጨመረበት። ማጣሪያው ቢፒኤፍ ይባላል፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በርክሌይ ላይ የኔትወርክ እሽጎችን ለማበጠር የተሠራ ወንፊት ነው። ያንኑ ወንፊት ወስደው ጥሪዎችን እንዲያበጥር አደረጉት። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ራሱ "ይህ፣ ይህና ይህ ይፈቀድልኝ፤ ከዚህ ውጭ ብጠይቅ ግደለኝ" ብሎ ዝርዝሩን ለነጋድራሱ ይሰጣል።

ልብ በሉ፤ ዝርዝሩን የሚሰጠው ፕሮግራሙ ራሱ ነው። አንዴ ከሰጠ በኋላ ደግሞ መመለስ የለም። ሊያጠብቀው ይችላል፣ ሊያላላው ግን አይችልም። የሚወልዳቸው ልጆችም ያንኑ ገደብ ይወርሳሉ። ኦፕንቢኤስዲ የሚባለው ስርዓተ ክወና እ.ኤ.አ. በ2016 ይህን የመሰለ የራሱን ዘዴ ይዞ ሲወጣ ስሙን "ቃል መግባት" የሚል ትርጉም ባለው ቃል ነው የሰየመው። እኛ አገር በመሐላ የሚታሰር ሰው ሲታመን የኖረው ነገ ራሱ እንኳ እንዳይፈታው አድርጎ ስለሚታሰር ነው። ፕሮግራሙም ሰው ሳይጠልፈው፣ አእምሮው ደህና ሳለ፣ ነገ ቢጠለፍ ጠላፊው ምንም እንዳያደርግበት እጁን ያስራል።

ይህ ነገር ሩቅ አይደለም፤ ኪሳችሁ ውስጥ አለ። ስልካችሁ አንድሮይድ 8 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ እያንዳንዱ አፕ በዚህ ወንፊት ሥር ነው የሚሠራው። ክሮምም ድረ ገጽ የሚያነበውን ክፍሉን በሊኑክስ ላይ እንዲሁ ያስረዋል። ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ኦፕንኤስኤስኤችም ከ2012 ጀምሮ ከማያውቀው ሰው ጋር የሚነጋገረውን ክፍሉን ለይቶ ያጥረዋል።

እኛም እንደዚያው አደረግን። ፕሮግራማችንን ሦስት ቦታ ከፈልነው። አንዱ ከኔትወርኩ ይቀበላል። ሁለተኛው ፎቶ ያሳንሳል። ሦስተኛው ደብተሩን ይይዛል፤ ከውጭ ሰው ጋር አይነጋገርም። ኢሜጅማጂክን ትተን ቀለል ያለ የፎቶ ቤተ መጻሕፍት ወሰድን። ፎቶ አሳናሹ ከሁሉ የጠበበ ዝርዝር ተሰጠው፦ ከመጀመሪያው ጓደኛው በቧንቧ ያነባል፣ ለሦስተኛው ይጽፋል፣ ጥቂት ማስታወሻ ቦታ ይጠይቃል፣ ሲጨርስ ይወጣል። ፋይል አይከፍትም። ኔትወርክ አያውቅም። ቁጥር 59ን ከጠራ ይሞታል። ያንን አደገኛ ፎቶ እያስመሰልን ለፈተና ላክንበት። ሞተ! አንድ ነገር ሲሞት እንደዚያ ቀን ተደስተን አናውቅም።

ሁለት ነገሮችን ስንማር ግን ጊዜ ወሰደብን። አንደኛው፣ ወንፊቱ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ቋንቋውንም ማየት አለበት። ቁጥር 3 በ64 ቢት "ዝጋ" ማለት ነው፤ በአሮጌው 32 ቢት ደግሞ "ላንብብ" ማለት ነው። ቋንቋውን ሳይጠይቅ ቁጥር የሚሰማ ኬላ ጠባቂ ይታለላል።

ሁለተኛው፣ ወንፊቱ ከፊቱ የተቀመጠውን ቁጥር እንጂ ቁጥሩ የሚያመለክተውን ነገር ከፍቶ አያይም። "ፋይል ክፈት" መባሉን ያውቃል፤ የትኛው ፋይል እንደሆነ ግን አያነብም። መጀመሪያ ስናነብ ጉድለት መሰለን። ከእሱ በፊት የነበረ ሲስትሬስ የሚባል ዘዴ ስሙን ያነብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ሮበርት ዋትሰን የሚባል ተመራማሪ ችግሩን አሳየ፦ ጠባቂው ወረቀቱን አንብቦ "እለፍ" ባለበትና ከርነሉ በሚሠራበት መካከል ባለችው ቅጽበት፣ ፕሮግራሙ ወረቀቱን መቀየር ይችላል። ቡና ብሎ አሳይቶ ሌላ ጭኖ እንደሚያልፍ ሾፌር ማለት ነው። ስለዚህ አዲሱ ወንፊት ሊቀየርበት የማይችለውን ብቻ እንዲያይ ተደረገ። ትንሽ ያያል፤ ያየው ግን እውነት ነው።

ከዚያ ጥቅምት 2012 ዓ.ም. መጣ። ትምህርት ወስደናልና ኮምፒውተሩን ወደ ኡቡንቱ 18.04 አሳደግነው። ያሳደግነው ማታ ነው፤ ሳንፈትን ተኛን። ጠዋት የጋሼ ልጆች ከገበያ ደረሰኝ መላክ ሲጀምሩ ተቀባዩ ፕሮግራማችን ይሞታል። እናስነሳዋለን፣ ይሞታል። ሱቁ ደጃፍ ሰው ተሰልፏል፤ ጋሼ ወደ ጓዳው ብቅ እያሉ ያዩናል። የሞቱን መዝገብ ስናነብ አንድ ቁጥር ተጽፏል፦ 257።

ነገሩ ወዲህ ነው። እኛ ቁጥር 2ን፣ "ፋይል ክፈት" የሚለውን ፈቅደናል። በአዲሱ እትም ግን ከፕሮግራማችንና ከከርነሉ መካከል ያለው የሲ ቤተ መጻሕፍት ያንኑ ሥራ በሌላ ጥሪ፣ በ257፣ መጠየቅ ጀምሯል። እኛ አንድ ፊደል አልቀየርንም። ነጋዴው ያው፣ ጭነቱ ያው፣ መንገዱ ተቀየረ፤ ጠባቂው ደግሞ አላውቅህም አለው።

ያኔ ተጣላን። አንዳችን "ወንፊቱን ለዛሬ ብቻ እናንሳው፣ ሰው ይጠብቃል" አለ። ሌላው "'ለዛሬ ብቻ' ብለን ነው በአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስኬድነው" አለ። ሦስተኛው ዝም አለ። ጋሼ ጭቅጭቁን ሰምተው ገቡ፤ ምንም ሳይጠይቁ ከመደርደሪያው ላይ አሮጌውን ደብተር አወረዱ፣ እስክሪብቶ ከጆሯቸው ላይ አነሱ፣ ወጥተው መጻፍ ጀመሩ። ያን ቀን ሙሉ በእጃቸው ጻፉ። ወንፊቱ አልተነሳም።

ማታ ተረጋግተን ስናስብ፣ 257ን ወደ ዝርዝሩ መጨመር ቀላሉ መፍትሔ ነበር። አንድ መስመር ነው። ግን ጋሼ የጠየቁት ጥያቄ ትዝ አለን፦ ይህ ተቀባይ ፋይል የመክፈት ሥልጣን ለምን አስፈለገው? ያየነው አንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ የውሎ ማስታወሻውን በየመልእክቱ እየከፈተ ይጽፍበታል። ታዲያ ገና ሲነሳ፣ ቃል ከመግባቱ በፊት፣ አንዴ ከፍቶ ቢይዘውስ? ከዚያ በኋላ መጻፍ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ስለዚህ 257ን አልጨመርንም፤ 2ንም ሰረዝነው። ስንቅህን ከቤትህ ያዝ፣ ከዚያ በሩን ዝጋ እንደማለት ነው። በዚያ የከፋ ቀን ማግስት ፕሮግራማችን ከበፊቱ ያነሰ ሥልጣን ይዞ፣ ከበፊቱ የተሻለ ሠራ።

ወንፊት ሁሉን ይይዛል እያልን አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲትዝን ላብ ባወጣው ዘገባ፣ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ሰዎች ጭምር፣ "ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ማጫወቻችሁን አድሱ" በሚል ኢሜይል የስለላ ፕሮግራም እንደተላከባቸው ገልጿል። በዚያ ጊዜ በር የሰበረ የለም፤ ባለቤቱ ራሱ "ግባ" እንዲል ነው የተደረገው። በገዛ እጃችን ያስገባነውን እንግዳ ኬላ አይመልስልንም።

ደግሞም ወንፊት ያንን የገበያ ቀን ጥያቄ አይመልስም። ደብተር ያዡ ክፍል ደብተሩን ማንበብ ሥራው ነው፤ የሚያነበውን ነገር እንዲያነብ ፈቅደንለታል። ለዚያ ጥያቄ ያገኘነው መልስ ከኮምፒውተር ሳይንስ የመጣ አይደለም። "ምክንያት" የምትለዋን ዓምድ አጠፋናት። የተጻፈውንም ሁሉ ደመሰስን። የሌለ ነገር አይሰረቅም።

ለእኚያ እናት ሄደን ነገርናቸው። "አጠፋነው፤ ከእንግዲህም አንጽፍም" አልናቸው። ለረጅም ጊዜ አዩንና "ድሮም ጋሼ ያውቁታል፤ ይበቃ ነበር" አሉን። ከዚያ እሸታቸውን ሚዛኑ ላይ አደረጉ፤ እኛም ኪሎውን ብቻ ጻፍን።